ለየትኛው ሥራ የትኛው እንጨት? የደሴና የኮምቦልቻ ሰው መምረጫ

እንጨት ልንገዛ ስንወጣ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ነው?» ብለን ነው። ከዋጋው በፊት መታወቅ ያለበት ግን እንጨቱ የት እንደሚውል ነው። መሬት የሚቀበር ቋሚ ነው? በሬ ጫንቃ ላይ የሚውል ቀንበር ነው? ጋን ይታጠንበታል? ወይስ ምጣድ ሥር ይነዳል? በወሎ ገጠር ያደገ ሰው ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሆነውን ዛፍ በስሙ ይነግርዎታል። ከተማ ላይ ይህ እውቀት እየሳሳ ነው። ስለዚህ ነጭ ባሕር ዛፍ ያለ ምንም ጥንቃቄ መሬት ይቀበራል፣ የወይራ ግንድ ደግሞ ተፈልጦ ምጣድ ሥር ይገባል።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዋንዛ፣ ኮሶና ዝግባ ሌላ እንጨት ሊተካቸው በማይችልበት ሥራ ላይ ብቻ ይግቡ። ለቀረው ሁሉ ባሕር ዛፍ አለልን። ከዚህ በታች የማነጻጽረው ይህን ይዤ ነው።

ደሴ ነዎት ወይስ ኮምቦልቻ?

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደው ሲጨርሱ ግን አየሩም ዛፉም ይለወጣል። ደሴ ጦሳ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ኮምቦልቻ ቦርከና ዳር ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች።

ይህ ልዩነት ለእንጨት ትልቅ ነገር ነው። ደሴ ላይ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። ክረምቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የበልግ ዝናብም አለ፣ ጉሙም አለ። መሬት የነካ እንጨት ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ይበሰብሳል። ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ሐርቡና ወደ ባቲ በወረዱ ቁጥር ደግሞ ምስጡ ይበረታል። ምስጥ ከውስጥ ነው የሚጨርሰው፤ ቅርፊቱ ደህና መስሎ ቆሞ ይቆይና አንድ ቀን በእጅ ሲገፉት ይንኮታኮታል።

ባሕር ዛፉም ሁለት ዓይነት ነው። ደጋው ላይ የሚያምርበት ነጩ ነው። ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ለአጣና ቶሎ ይደርሳል። ሞቃቱ ላይ የሚለማው ቀዩ ነው። ይከብዳል፣ ውስጡ ቀላ ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይጎብጣል። ግን መሬት ውስጥ ሲገባ ከነጩ ይልቅ ይቆያል። የደሴ ሰው ለጣሪያ የደጁን ነጭ ቢገዛ፣ ለሚቀበረው ቋሚ ግን ከቆላ የመጣ ቀይ ቢያፈላልግ አይቆጨውም።

ለቤት፦ ቋሚው፣ ማገሩና ጣሪያው አንድ እንጨት አይፈልጉም

ከሁሉ የሚከብደው ምርጫ የቋሚው ነው። ማገር ቢበላሽ ይቀየራል። ወራጅም በቆርቆሮ ሥር ደረቅ ሆኖ ስለሚኖር ብዙ አያስቸግርም። ቋሚው ከሥሩ ከሄደ ግን ቤቱ ይዘማል፣ ምርጊቱም ተሰንጥቆ ይረግፋል።

ለቋሚ የጥንቱ መልስ የሐበሻ ጥድ ነው። ምስጥ አይደፍረውም፣ ቶሎ አይበሰብስም። ሽታውም ቤት ያስወድዳል። ይህ የሚባለው ግን ስለ ልቡ ነው። ጥድ ሲገዙ የተቆረጠውን ጫፍ ጎንበስ ብለው ይዩት። መሐሉ ወደ ቀይ ቡና የሚያደላ፣ ዙሪያው ነጣ ያለ ሆኖ ያገኙታል። የሚቆየው ቀዩ ነው። ነጩን ምስጥም ነቀዝም ይበሉታል። ቀጭን፣ ገና ያልበሰለ ጥድ ብዙው ክፍሉ ነጭ ስለሆነ «ጥድ ነው» ተብሎ በውድ ዋጋ ቢሸጥልዎት መሬት ውስጥ ከባሕር ዛፍ የተሻለ ነገር አይሠራም። በጥፍርዎ ቀዩን ፋቅ አድርገው ያሽትቱት። ሽታው ካልመጣ ይጠርጥሩ።

የፈረንጅ ጥድን ከሐበሻው ጋር እንዳያምታቱ። ሻጭ ሁለቱንም ጥድ ብሎ ነው የሚጠራቸው። የፈረንጁ ቀለል ያለ፣ ለመላግ የሚመች፣ ለኮርኒስና ለውስጥ ሥራ ጥሩ እንጨት ነው። ለመሬት አይሆንም።

ታዲያ የሐበሻ ጥድ ልግዛ ወይ ካሉኝ፣ አዲስ የተቆረጠውን አይግዙ እላለሁ። ጥድ ለቋሚ እስኪደርስ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል፣ በዙሪያችን የቀረውም ጥቂት ነው። ከኮምቦልቻ በላይ የጎፍ ተራራ ላይ ያለው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በየመስጊዱና በየወሊዮቹ ቦታ ሰው ፈርቶና አክብሮ ያቆየው ነው የተረፈን። ይልቅ ደሴ ውስጥ አሮጌ የጭቃ ቤት ሲፈርስ ሄደው ይጠይቁ። ከውስጡ የሚወጣው የጥድ ቋሚ ላዩ ጠቁሮ፣ አቧራ ለብሶ ዋጋ የሌለው ይመስላል። ሁለት ጣት ያህል ቢጠርቡት ቀዩ ልብ ትናንት እንደተቆረጠ ሆኖ ይወጣል። ይህን የሚያውቁ አናጢዎች ፈራሽ ሲሸጥ ቀድመው ይደርሳሉ።

ፈራሽ ካልተገኘ ባሕር ዛፍን በጥንቃቄ መጠቀም ነው። መጀመሪያ የሚቆረጥበት ወቅት ይታሰብበት። ደቡብ ወሎ ሁለት ዝናብ ስላለው፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ተቆርጦ በልግ ሳይገባ ቢደርቅ ይመረጣል። ቅርፊቱ ወዲያው ይላጥ። ከዚያ ድንጋይ ወይም ግንዲላ ላይ ከፍ ተደርጎ ጥላ ውስጥ ይደርደር። ፀሐይ ላይ የተጣለ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም። ሲደርቅ የሚቀበረው ጫፍ በእሳት ለብለብ ይደረግና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ሬንጅ ይቀባል። ቅባቱ ከመሬቱ ከፍ ብሎ ቢያንስ አንድ ክንድ ይውጣ፤ እንጨቱ መበስበስ የሚጀምረው አፈርና አየር በሚገናኙበት ቦታ ነውና። አቅም ያለው ሰው ደግሞ ቋሚውን ጭራሽ አይቀብረውም፣ በድንጋይ መሠረት ላይ ያቆመዋል። በእኔ ግምት በድንጋይ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ከተቀበረ ነጭ ጥድ እጅግ ይበልጣል።

ለማገር ክትክታን የሚያህል የለም። ከሐረጎ ቁልቁል ግራና ቀኝ የሚያዩት፣ ቅጠሉ ሲነኩት የሚጣበቀው ቁጥቋጦ እሱ ነው። ቀጭን ነው፣ ግን ጠንካራ ነው፣ ምስጥም አይወደውም። ችግሩ ረጅም ሆኖ አለመገኘቱ ነው፤ ለረጅም ግድግዳ የባሕር ዛፍ ጨፈቃ ይቀላል። ለወራጅና ለከንች ቀጥ ያለ ነጭ ባሕር ዛፍ ይበቃል፤ እዚያ ላይ ጥድ ማውጣት ብክነት ነው።

ለእርሻ ዕቃ፦ ክብደቱን በበሬው ጫንቃ ያስቡት

የማረሻ እንጨቶች እያንዳንዳቸው የተለየ ጠባይ ይፈልጋሉ። ይህን በደንብ የሚያሳየው የቀንበርና የድግር ልዩነት ነው።

ቀንበር ቀኑን ሙሉ ጫንቃ ላይ ይውላል። ስለዚህ ቀላልና የማይሰነጠቅ፣ ሲላግም የሚለሰልስ መሆን አለበት። ዋንዛ ለዚህ የተፈጠረ ነው ይባላል፤ ብሳናም ይሠራል፣ ቀላል ነው፣ ግን ነቀዝ ቶሎ ያገኘዋል። ወይራ ለቀንበር አይታሰብም። የደረቀ የወይራ እንጨት እጅግ ከባድ ነው። ዋንዛ የዚህን ግማሽ ያህል ነው የሚመዝነው። በሬውን ያስቡት።

ድግር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከማረሻው ግራና ቀኝ ሆኖ አፈሩን እየገፋ፣ ድንጋይ እየፈገፈገው ይሄዳል። እዚህ ላይ ቀላል እንጨት አንድ ክረምት አይዘልቅም። ወይራ የግድ የሚሆንበት ቦታ ይኸው ነው። እርፉም ከወይራ ወይም ከግራር ቢሆን እጅ ውስጥ አይላላም። ሞፈሩ ግን ረጅምና ቀጥ ያለ መሆን ስላለበት ዛሬ አብዛኛው ገበሬ ባሕር ዛፍ ነው የሚጠቀመው፤ ትክክልም ነው። ጉጥ የሌለበትን ይምረጡ። ሞፈር የሚሰበረው ጉጡ ላይ ነው።

ለመጥረቢያና ለዶማ ዛቢያ ወይራ ወይም ክትክታ። ዛቢያ ለመሥራት ደግሞ ዛፍ መጣል አያስፈልግም፤ ከወይራው የጎን ቅርንጫፍ አንዱ ይበቃል።

ለጭስ፦ ወይራን የሚተካ አላገኘሁም

ስለዚህ ክፍል ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፤ ምክንያቱም የወሎ ቤት ሽታ ያለው እዚህ ነው።

የወተት ቅልና የጠላ ጋን በወይራ ይታጠናሉ። ሥራው ሽታ ማሳመር ብቻ አይደለም። ጭሱ ዕቃው ውስጥ የቀረውን ጀርም ይቀንሳል፣ ወተቱም ቶሎ አይበላሽም። እናቶች ይህን ያወቁት ላብራቶሪ ሳይገቡ ነው።

የጋኑን እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። መጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሻል። ግራዋው መራራ ነው፣ ውስጡን ሻክሮ የቆየውን ሁሉ ይነቅላል። ታጥቦ፣ ተደፍቶ ይጠነፈፋል። ከዚያ የደረቀ የወይራ ስንጣሪ ገል ላይ ባለ ፍም ይደረጋል። እንዳይነድ ነው ጥበቡ። ነበልባል ከያዘ ጥላሸት ያወጣና ጠላውን ያመርረዋል። ሰማያዊ የመሰለ ቀጭን ጭስ መውጣት ሲጀምር ጋኑ ይደፋበታል። ጭሱ በአፉ ዙሪያ ሾልኮ መውጣት ሲያበዛ በጨርቅ ይታፈናል። ጋኑ ከውጭ ሲነካ ለብ ብሎ፣ ከውስጥ ቡናማ ቀለም ሲይዝ ደርሷል ማለት ነው። እርጥብ ጋን ላይ ከታጠነ ጭሱ አይይዝም። እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል።

ባሕር ዛፍ ይህን ሥራ አይሠራም። ዘይቱ ሽታውን ይሰጠዋል፣ ወተቱ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ጥድም ሙጫው ስለሚበዛ ያመርራል። ወይራ ላጣ ሰው ከክፉ ጭስ ያለ ጭስ ይሻላል እላለሁ።

ለገላ ጭስ ግን ወይባ አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ቆላ ሲወርዱ የሚገኝ ዛፍ ነው። የወለደች ሴት ስትነሳ፣ ሙሽራ ስትዘጋጅ፣ ወገቧን ብርድ የያዛት ስትሆን ትቀመጥበታለች። መሬቱ ላይ በተቆፈረች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ፍም ይደረጋል፣ ወይባው ይጨመራል፣ እሷም በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተሸፍና ጭሱ ላይ ትቀመጣለች። ወይራም ለዚሁ ይውላል። ሁለቱን ላወዳድር ካልኩ፣ ወይባ ቆዳ ላይ ወደ ብጫ የሚያደላ መልክ ይተዋል፣ ሽታውም ለቀናት ይቆያል። ወይራ መልክ አይተውም፣ ሽታውም ቀለል ይላል። ሥራ ላይ ላለች ሴት ወይራው ይመቻል፤ ለአራስና ለሙሽራ ወይባው ነው ደንቡ። ሁለቱም ሲሆኑ በርና መስኮት አይዘጋ፣ ጭንቅላትም ከሽፋኑ ውጪ ይሁን። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም አስም ያለባት ባትገባበት ይመረጣል።

ደግነቱ ለጭስ የሚያስፈልገው ወይራ ትንሽ ነው። ገበያ ላይ በእሥር የሚሸጠው ስንጣሪ አንድ ቤት ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ግቢ ያለው ሰው ሁለት ሦስት ወይራ ቢተክል በየዓመቱ ከሚከረክመው ቅርንጫፍ ለጋኑም፣ ለቅሉም፣ ለመፋቂያውም ያገኛል።

ለማዕድ ቤትና ለቤት ዕቃ

ሙቀጫ ከዋንዛ፣ ዘነዘና ከወይራ። የድሮ ሰዎች አንዱን ለስላሳ አንዱን ጠንካራ ያደረጉት በምክንያት ነው፤ ዋንዛው ለመፈልፈል ይመቻል፣ ሲወቀጥም አይሰነጠቅም። ሙቀጫው ራሱ ከወይራ ቢሆን ዕድሜው ይረዝማል፣ ግን ወፍራም የወይራ ግንድ መጣል ማለት ነው። አልመክርም። ለረከቦትና ለበርኩማ ዋንዛ ያምራል። ለማማሰያ ሽታ የሌለው ማንኛውም ጠንካራ እንጨት ይሆናል፤ ጥድና ባሕር ዛፍ ብቻ ወጥ ውስጥ አይግቡ።

ለአልጋና ለቁም ሳጥን የድሮው ሰው ዋንዛ፣ ኮሶ ወይም ዝግባ ይላል። ዋንዛ ሲላግ ሐር ይመስላል፣ ብዙም አይጣመም። ኮሶ ቀይ መልኩ ያምራል፣ ግን ነቀዝ ይወደዋል። ዝግባ ቀጥ ያለና ለጣውላ የሚመች ነው፣ እርጥበት ግን አይችልም፤ ደሴ ላይ ከግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠ የዝግባ ዕቃ በክረምት ይጠቁራል። ዛሬ ከነዚህ ይልቅ ግራቪሊያ ቢጠይቁ ጥሩ ነው። የተተከለ ዛፍ ነው፣ መስመሩም ውብ ነው።

ለእሳትና ለከሰል

ለምጣድ የሚፈለገው ቶሎ የሚነድ ነበልባል ነው። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ለዚህ በቂ ነው፤ ክትክታም እርጥቡ ሳይቀር ይነዳል። ወይራ ፍሙ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ስለዚህ ምጣድ ላይ ማባከኑ ነው። ለእንጀራ ረጅም ፍም ምን ያደርጋል?

ከሰል ላይ ግን ነገሩ ይለያል። የግራር ከሰል ከባድ ነው፣ ሁለቱን ሲያጋጩት እንደ ብረት ያቃጭላል፣ ለቡና ሦስቱንም ጀበና ያደርሳል። የባሕር ዛፍ ከሰል ቀላል ነው፣ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም አመድ ይሆናል። በዚህ ሚዛን ግራር ያሸንፋል። ሆኖም ቆላው ላይ ግራር ለከብቱም ለመሬቱም ጥላ ነው። ከባቲ ወደ አፋር ወርዶ ሜዳውን የወረረው ፕሮሶፒስ ግን ከሰሉ ከግራር ብዙ አያንስም፣ ግጦሹን እያጠፋ ስለሆነም መቆረጡ አያሳዝንም። ሻጩን «የምን ዛፍ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ፕሮሶፒስ ከሆነ ያለ ሐሳብ ይግዙ።

የደሴ ብርድ ሲያይል ማንደጃ መኝታ ቤት የሚያስገባ አለ። የየትኛውም ዛፍ ከሰል ቢሆን ይገድላል። ሽታ የሌለው ጋዝ ነው፣ ተኝቶ ያለ ሰው አያውቀውም። ከሰሉ ውጪ ተያይዞ ጭሱ ቢያልቅም አደጋው አያልቅም። ማንደጃው ከመኝታ በፊት ይውጣ።

ሲገዙ ሕጉን ይወቁ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራት የሀገር ዛፎች ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ኮሶ፣ ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድና ዋንዛ። አሁን የሚሠራበት በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ነው። የደን ውጤት ከቦታ ቦታ ለማጓጓዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። የራስዎ ማሳ ላይ ያለ ባሕር ዛፍ እንኳ ቢሆን ከመጫንዎ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ወረቀት የሌለው ጭነት ኬላ ላይ ይያዛል።

ዋንዛ ወይም ጥድ በርካሽ ይዞልዎት የመጣ ሰው ካለ «ከየት ነው? ወረቀቱስ?» ይበሉት። «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ይግዙኝ፣ ወረቀቱን ተዉት» ካለ መልሱን አግኝተዋል፤ ይለፉት። ዋንዛ የግድ ካስፈለገዎት ማሳው ላይ ያሳደገ ገበሬ ይፈልጉ። ቃሉና ተሁለደሬ ውስጥ እርሻ መሐል ዋንዛ የሚያቆዩ አሉ፤ ከባለቤቱ አንዱን ዛፍ ገዝተው በምትኩ የሚተከሉ ችግኞች ይዘውላቸው ቢሄዱ ዋጋውም ይስማማል፣ ለሚቀጥለው ገዢም ዛፍ ይኖራል። ችግኙ በክረምቱ መግቢያ፣ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ ይድረስላቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከፍየል ይታጠር፤ የዋንዛን ለጋ ቅጠል ፍየል አይምረውም።